ደረሰኝ ላይ የማይጻፈው ወጪ

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

ደሴ ውስጥ በአንድ አነስተኛ የግል ኮሌጅ ሬጅስትራር ነኝ። በግል ኮሌጆች ላይ ያለው የመንግሥት ቁጥጥር ይላላ አልልም። ዲግሪ የሚቸበችብ እንዳለ አገር ያውቃል። ግን የኮሌጅ ፈቃድ ማሳደስ የሚያስወጣው ደረሰኙ ላይ ያለውን ብቻ አይደለም።

እኛ ጋ «የጥራት ማረጋገጫ ክፍል» ማለት አንድ መምህር ነው። ያው አካውንቲንግ የሚያስተምረው። ግምገማ ሲመጣ ክፍሉን ትቶ ፎርም ይሞላል፤ ተማሪዎቹ ለማካካሻ ቅዳሜን ይጠብቃሉ። አንድ ማኅተም ጎደለ ከተባለ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ትራንስፖርት፣ አልጋ፣ አበል። «ነገ ተመለስ» ሲባል ደግሞ ሌላ አልጋ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ከተማችን ሲገባ የቆዩ ማኅደሮቻችን ጠፍተዋል። ዛሬ የድሮ ማስረጃ ስንጠየቅ ከተመራቂዎች ኮፒ እንለምናለን (ደግነቱ የወሎ ሰው ወረቀት አይጥልም)።

ትልልቆቹ ዩኒቨርሲቲዎች ለዚህ ሥራ ራሱን የቻለ ቢሮ አላቸው። የእኛ ወጪ ግን ዞሮ ዞሮ የሚወጣው ከተማሪው ወርሃዊ ክፍያ ነው።

የዲግሪ ተማሪ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተና ይወስዳል፤ የትምህርታችን ጥራት በዚያም ይለካል። ታዲያ አንዱን ሰነድ በሦስት ፎርም ለሦስት ቢሮ መላክ ለምን አስፈለገ? አንዴ የገባው ፋይል ለሁሉም ቢበቃ መምህራችን ወደ ክፍሉ ይመለስልን ነበር።

አንድ ሬጅስትራር፣ ከደሴ