እማዬ፣ ቁልቢ ከመውጣትሽ በፊት

ኅዳር 8፣ አዲስ አበባ

ውድ እናቴ፣

ሰላምሽ ይብዛ። እኔም ልጆቹም እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ደብዳቤውን ማሙሽ ጮክ ብሎ ያንብብልሽ፤ ሲጨርስ ግን ወረቀቱን አንቺ አስቀምጪው፣ እሱ የትም ይጥለዋል። በስልክ ያልነገርኩሽ፣ ወሬውን ባነሣሁ ቁጥር «እሺ በቃ ልጄ» ብለሽ ስለምትዘጊብኝ ነው።

ታኅሣሥ 19 ቁልቢ እንደምትወጪ አውቃለሁ። አትሂጂ አልልሽም። የስለቱ ልጅ እኔ ነኝ፤ እዚያው ገብርኤል ደጅ ነው ክርስትና ያስነሣሽኝ። በየትኛው አፌ ቅሪ ልበልሽ? የምለምንሽ የሽንት መድኃኒትሽን፣ ላዚክሱን፣ እንዳታቋርጪ ነው።

ዓምና የሆነውን እኛ የሰማነው ዘግይተን ነው። ጉዞው ሦስት ቀን ሲቀረው «መንገድ ላይ ሽንት ቤት ከየት አመጣለሁ» ብለሽ ላዚክሱን ተውሽው። ደንገጎ ዳገት ላይ ሰው የሞላበትን መኪና አስቁሙልኝ ማለት ለአንቺ ምን ያህል እንደሚከብድ ይገባኛል። አንቺ ሰው ቤት ውሃ ለመጠየቅ እንኳ የምታፍሪ ሴት ነሽ። ግን በተመለስሽ ማግሥት እግርሽ አብጦ ጫማ እምቢ አለሽ፤ ሌሊቱን ጋደም ባልሽ ቁጥር ትንፋሽ እያጠረሽ ግድግዳ ተደግፈሽ አነጋሽ። ማሙሽ በባጃጅ ሆስፒታል ሲያደርስሽ ገና አልነጋም ነበር። እኔ እዚህ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ለጥፌ ትንፋሽሽን ስሰማ ነበር። ያንን ድምፅ እስካሁን አልረሳሁትም።

የዚያ ሌሊት ምክንያት የገባኝ በኋላ ሐኪሙን ጠይቄ ነው። ደም ግፊቱ ስንት ዓመት ልብሽን ሲያለፋው ኖሮ አሁን ደሙን እንደ ድሮው መግፋት አቅቶታል። ኩላሊት የሚደርሰው ደም ሲቀንስ ሰውነቱ ውሃ ያነሰው ይመስለውና ጨውና ውሃ ይዞ ያስቀራል። ያ ውሃ ነው ቀን ቀን እግርሽ ላይ የሚጠራቀመው፤ ስትተኚ ደግሞ ወደ ላይ ተመልሶ ሳንባሽን የሚያስጨንቀው። ሦስት ትራስ መደራረብ የጀመርሽው ለዚህ ነው እንጂ እንዳልሽው ከእርጅና አይደለም።

መድኃኒቱ ከተዋጠ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሥራ ይጀምራል፣ ስድስት ሰዓት ያህል ቆይቶ ኃይሉ ያልቃል። እንግዲያው የመንገድ ቀን ሰዓቱን ማዛወር ይቻላል ማለት ነው፤ ጠዋት የምትወስጂውን አክስቴ ቤት ደርሰሽ፣ ዐረፍ ብለሽ፣ ከሰዓት በኋላ ትወስጂዋለሽ። ይህን ግን እኔና አንቺ ብቻችንን አንወስንም። ኅዳር መጨረሻ ቀጠሮሽ ስለሆነ ማሙሽ አብሮሽ ገብቶ ይጠይቅ፤ አንቺማ ሐኪም ፊት ስትቀርቢ «ደህና ነኝ» ከማለት ሌላ ቃል አይወጣሽም።

ጾሙም እየገባ ነው። መድኃኒት መዋጥ ጾም እንደማያፈርስ የንስሐ አባትሽ ነግረውሻል፤ ስለዚህ እኔን የሚያሳስበኝ ጨው ነው። በርበሬው ሲዘጋጅ ጨው ይገባበታል፣ ሽሮው ሲፈጭም እንዲሁ፣ ከዚያ ወጡ ላይ ትጨምሪበታለሽ። ጎረቤት ሄደሽ ቡናውን በጨው ትጠጪያለሽ። የዓለም ጤና ድርጅት ለጤነኛ ሰው እንኳ የሚለው በቀን ከ5 ግራም በታች ነው፤ ይህ ሁሉ ተደምሮ ከአንዲት የሻይ ማንኪያ ማነስ አለበት ማለት ነው። የዘንድሮን ሽሮ እባክሽ ያለ ጨው አስፈጪው። ነጭ ሽንኩርቱን፣ ዝንጅብሉን፣ ኮረሪማውን እንደፈለግሽ አብዢበት፤ እጅሽን አውቀዋለሁ፣ ይጣፍጣል።

ለጉልበትሽ እያልሽ ከፋርማሲ የምታስገዢውንም ዳይክሎፊናክ ተዪው። ሕመሙን ያስታግስልሻል፣ ግን ሰውነትሽ ውሃ እንዲይዝ ያደርጋል፣ ኩላሊትም ይጎዳል፤ የሽንት መድኃኒቱ የሠራውን ያፈርሰዋል። ይህን ያወቅሁት ዘንድሮ ነው፤ ከዚህ በፊት ስትጠይቂኝ የላክሁልሽም እኔው ስለሆንኩ ጸጸቱ የእኔ ነው። ፓራሲታሞል ይሻልሻል። ለስለት ተሸክመሽ የምትወጪውን ድንጋይም ዘንድሮ ማሙሽ ይሸከምልሽ፣ ገብርኤል ልብሽን ያያል።

ሚዛን በአውቶቡስ ልኬልሻለሁ። ጠዋት ስትነሺ፣ ሽንት ቤት ከገባሽ በኋላ፣ ቡናም ሳትቀምሺ ውጪበት፤ ቁጥሩን ማሙሽ ቀን መቁጠሪያው ላይ ይጻፈው። በሦስት ቀን ውስጥ 2 ኪሎ ከጨመርሽ ውፍረት እንዳይመስልሽ፣ ውሃ ነውና ቀጠሮ ሳትጠብቂ ሂጂ። ግንቦት ሲመጣና የድሬ ሙቀት ሲበረታ ወይም ተቅማጥ ሲይዝሽ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ ውሃው ከሚገባው በላይ ያልቅና ስትነሺ ያዞርሻል። ያኔም ደውዪ እንጂ ዝም ብለሽ አትዋጪ፣ ዝም ብለሽም አትተዪ። ደረትሽን ከተጫነሽ ወይም ተኝተሽ መተንፈስ ካቃተሽ ግን ለእኔ መደወሉ ይቆይ፤ ማሙሽን ቀስቅሺው፣ ሌሊትም ቢሆን ውጡ። ይነጋል አትበዪ።

ሙቀቱ ሲበርድ በከዚራ ዛፎች ሥር እስከ ለገሃር ቀስ እያልሽ መሄድሽን ግን አታቁሚ፤ እያወራሽ መራመድ እስከቻልሽ ድረስ ደግ ነው።

እኔም ፈቃድ ጠይቄ ታኅሣሥ 17 ድሬ እገባለሁ። ደንገጎን አብረን እንወጣለን፣ ከፊት ወንበር አጠገብሽ እቀመጣለሁ፤ መኪና ማስቆም ካስፈለገ «አስቁሙልኝ» የምለው እኔ ነኝ። ሚዛኑ ሐሙስ ይደርስሻል፤ ዓርብ ጠዋት ቁጥሩን ደውዬ እጠይቅሻለሁ።

ልጅሽ