በኢንተርኔት ስለሚሰጥ የእንግሊዝኛ ቋንቋ ብቃት ፈተና ዝግጅት ለወላጆች የተላከ ደብዳቤ

ክቡራን ወላጆችና አሳዳጊዎች፣

በእንግሊዝኛ በሚያስተምሩ የውጭ አገር ዩኒቨርሲቲዎች ለመማር የሚያመለክቱ ልጆቻችሁ ከሚጠየቁት ማስረጃ አንዱ የቋንቋ ብቃት ፈተና ውጤት ነው። ከእነዚህ ፈተናዎች አንዳንዶቹ ዛሬ ቤት ውስጥ፣ በራስ ኮምፒውተር ይወሰዳሉ። ፈተናው ቤታችሁ ድረስ ሲመጣ የእናንተም ድርሻ ስለሚጨምር ይህን ደብዳቤ በዝርዝር ጽፌላችኋለሁ።

ሰሞኑን ወደ ቢሮዬ የመጡ ወላጆች ደጋግመው የጠየቁኝ «በአንድ ወር የሚያዘጋጅ ጎበዝ አስጠኚ ከየት እናገኛለን?» ብለው ነው። ጥያቄው ለልጅ ከማሰብ የመጣ ነውና አከብረዋለሁ። መልሴ ግን ግልጽ ነው። የአንድ ወር ዝግጅት ልጁን ከፈተናው ጋር ያስተዋውቀዋል፤ እንግሊዝኛውን ግን አይሰጠውም። ነጥቡ የሚገኘው ከዚያ በፊት ባሉት ወራት በየቀኑ ከሚነበበው፣ ከሚደመጠው፣ ከሚጻፈውና ከሚነገረው ነው። በቀን አንድ ሰዓት ሳያቋርጥ የሠራ ልጅ፣ በመጨረሻው ሳምንት ሌሊቱን ሙሉ ከተቀመጠው ይልቅ ተረጋግቶ ይፈተናል።

በቅድሚያ የትኛው ፈተና እንደሚያስፈልግ እወቁ። የዱዎሊንጎ የእንግሊዝኛ ፈተና አንድ ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ ውጤቱም ከ10 እስከ 160 ባለው መለኪያ ይሰጣል። ቶፍል የተባለው ሌላው የእንግሊዝኛ ብቃት ፈተናም ቤት ሆኖ መፈተን የሚቻልበት አማራጭ አለው። ለረጅም ዓመታት ከ120 ሲታሰብ የኖረው የቶፍል ውጤት እ.ኤ.አ. ከጥር 2026 ጀምሮ ከ1 እስከ 6 ወደሚደርስ መለኪያ ተሸጋግሯል። ስለዚህ ቤታችሁ ያለው የቆየ የቶፍል መጽሐፍ ለቋንቋው ልምምድ ቢጠቅምም የፈተናውን የአሁን ቅርጽ አያሳይም። የሁለቱም ፈተናዎች ውጤት የሚያገለግለው ለ2 ዓመት ስለሆነ እጅግ ቀድሞ መፈተንም ጥቅም የለውም። እያንዳንዱ ዩኒቨርሲቲ የሚቀበለውን ፈተናና የሚፈልገውን ዝቅተኛ ነጥብ ራሱ ይወስናል፤ አንዳንዱ ከድምሩ ሌላ ለመጻፍ ወይም ለመናገር ለብቻው ነጥብ ያስቀምጣል። የሌላ ሰው ልጅ የተጠየቀውን ቁጥር ይዛችሁ አትነሡ። ከልጃችሁ ጋር ተቀምጣችሁ የዩኒቨርሲቲውን የቅበላ መመሪያ አንብቡና ነጥቡን ወረቀት ላይ አስፍሩት።

የዱዎሊንጎ ፈተና ተማሪዎቻችን ከለመዱት የክፍል ፈተና የሚለይበት አንድ ነገር አለ። ተፈታኙ በትክክል በመለሰ ቁጥር ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ይከብዳል፤ ከተሳሳተ ደግሞ ይቀልለታል። ይህን ያላወቀ ልጅ መሐል ላይ ጥያቄው ሲጠናበት «አበቃልኝ» ብሎ ተስፋ ይቆርጣል፤ ጥያቄው የጠናበት እስከዚያ ድረስ ደህና ስለሠራ ሊሆን ይችላል። ወደ ኋላ ተመልሶ መልስ ማረም ስለማይቻልም ያለፈውን ጥያቄ እያሰላሰሉ የያዙትን ማበላሸት ከሁሉ የከፋ ጉዳት ነው።

በልምምድ ክፍላችን መምህራን በብዛት ያዩት ድክመት የተሰማን ዓረፍተ ነገር አዳምጦ በመጻፍ ላይ ነው። ተማሪዎቻችን ትልልቆቹን ቃላት ጥሩ አድርገው ይይዛሉ። የሚያመልጧቸው ትንንሾቹ ናቸው፦ ከስም በፊት የሚመጣው «ዘ»፣ በግሥ መጨረሻ የሚሰማው «ስ»፣ በኃላፊ ጊዜ መጨረሻ ላይ የሚዋጠው «ድ»። እነዚህ ድምፆች በፈጣን ንግግር ውስጥ እምብዛም አይሰሙም፤ ጆሮ የሳተውን ሰዋስው መሙላት አለበት። መድኃኒቱ ቀላል ቢሆንም ትዕግሥት ይጠይቃል። ልጁ ጽሑፉ አብሮት ያለ የአንድ ደቂቃ ቅጂ ይምረጥ፤ ዓረፍተ ነገር በዓረፍተ ነገር እያቆመ ይጻፍ፤ ከዚያ የጻፈውን ከዋናው ጋር ፊደል በፊደል ያስተያይና የጎደለውን በቀይ ያስምርበት። ሁለት ሳምንት ሲሠራ ቀዩ መስመር ሁልጊዜ የሚያርፍበትን ቦታ ራሱ ያየዋል። ዜና ከፍቶ ሌላ ሥራ እየሠሩ ማዳመጥ ይህን ያህል አያስተምርም።

ሌላው የዱዎሊንጎ ፈተና ጥያቄ ፎቶግራፍ አይቶ በአንድ ደቂቃ ውስጥ መግለጫ መጻፍ ነው። አንዲት ሴት ጃንጥላ ይዛ መንገድ ዳር ቆማለች እንበል። ብዙው ተማሪ «ሴት አለች። ጃንጥላ አለ። መኪና አለ።» ብሎ ያቆማል። ስሕተት የለበትም፤ የቋንቋ አቅሙን ግን አላሳየም። «ጃንጥላዋን የያዘችው ሴት ወደ መንገዱ አሻግራ ስለምትመለከት የሚወስዳትን መኪና እየጠበቀች ሳይሆን አይቀርም» ብሎ በእንግሊዝኛ የጻፈው ልጅ ግን ምክንያት አስገብቷል፣ ግምት ገልጿል፣ ሁለት ሐሳብ በአንድ ዓረፍተ ነገር አያይዟል። መምህራኖቻችን በየሳምንቱ የሚያለማምዱት ይህን ማያያዝ ነው። ቤት ውስጥ ያለ ማንኛውም ፎቶግራፍ ለልምምዱ ይበቃል።

ልምምዱ በኮምፒውተር ኪቦርድ ላይ ይሁን። በስልክ በሁለት አውራ ጣት እንደ ንፋስ የሚጽፍ ልጅ ኪቦርድ ፊት ሲቀመጥ ፊደል ሲፈልግ ሰዓቱ ያልቃል። የፊደል ግድፈት የሚያርመው መሣሪያም ይዘጋ፤ በፈተናው ላይ የሚያርምለት የለምና።

ሸምድዶ ስለመግባት ጠንከር ብዬ መናገር እፈልጋለሁ። «ለማንኛውም ርዕስ የሚሆን» ተብሎ የተዘጋጀ ድርሰት ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር አይቻለሁ። በዱዎሊንጎ ፈተና ተፈታኙ የጻፈውና የተናገረው ናሙና ውጤቱ ለሚላክለት ዩኒቨርሲቲ አብሮ ይደርሳል። የቅበላ ክፍሉ ባለሙያ ከርዕሱ ጋር የማይገናኝ የተሸመደደ ንግግር ሲሰማ ምን እንደሚያስብ መገመት አያዳግትም። ከዚህም የሚብሰው «ውጤት እናስመጣለን» ወይም «ጥያቄውን አስቀድመን እናውቃለን» እያሉ ገንዘብ የሚጠይቁ ሰዎች ነገር ነው። የልጃችሁን የይለፍ ቃልም ሆነ መታወቂያ ለማንም አትስጡ። ማጭበርበር ከተገኘ ውጤቱ ይሰረዛል፤ ልጁ ዳግም እንዳይፈተን ሊታገድም ይችላል።

እናንተ እንግሊዝኛ ባትችሉም ልጃችሁን ማለማመድ ትችላላችሁ። ማታ ማታ አንድ ርዕስ ስጡትና በእንግሊዝኛ ለአንድ ደቂቃ ተኩል ሳያቋርጥ እንዲናገር አድርጉ፤ እናንተ ሰዓት ያዙ። የት ላይ እንደቆመ፣ ስንት ጊዜ «እ…» እንዳለ፣ ድምፁ የት ላይ እንደወረደ ለመስማት ቋንቋውን ማወቅ አያስፈልግም። በማግስቱ በዚያው ርዕስ ደግማችሁ አናግሩት። ሰው ፊት መናገርን የለመደ ልጅ ማይክሮፎን ፊት አይርበተበትም።

የፈተናው ቀን ደንብ ለቤተሰብ ሁሉ ነው። ልጁ በር በተዘጋ፣ ብርሃን በበቃው ክፍል ውስጥ ብቻውን ይሁን። በዱዎሊንጎ ፈተና የጆሮ ማዳመጫ መጠቀም ክልክል ነው፣ ጆሮዎቹ መታየት አለባቸው፣ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዞ ማስታወሻ መጻፍ አይፈቀድም፣ ዓይንን ደጋግሞ ከስክሪኑ ማንሣትም ጥርጣሬ ያስነሣል። እናት ለልጇ ውኃ ልታቀብል በሩን ብትከፍት፣ ታናሽ ወንድም ሮጦ ቢገባ፣ ካሜራው ሌላ ሰው መኖሩን ስለሚመዘግብ የአንድ ሰዓት ድካም ውድቅ ሊሆን ይችላል። ለዚያች ሰዓት ቤታችሁ ጸጥ ይበል፤ ሌሎች የቤቱ ሰዎችም ፊልም በማየት ኢንተርኔቱን አያጨናንቁበት። የቶፍል ደንብ በአንዳንድ ነገር ይለያል፤ ለምሳሌ ቤት ለሚፈተን ሰው ተጽፎ በሚጠፋ ሰሌዳ ላይ ማስታወሻ መያዝ ይፈቅዳል። ስለዚህ የአንዱን ደንብ ለሌላው አትውሰዱ፤ የተመዘገባችሁበትን ፈተና መመሪያ አስቀድማችሁ አንብቡ።

በቀላሉ የሚረሳ አንድ ነገር ልጨምር። ሲመዘገቡ የሚጻፈው ስም በፓስፖርቱ ወይም በመታወቂያው ላይ ካለው ጋር ፊደል በፊደል አንድ መሆን አለበት። ስማችን በላቲን ፊደል በልዩ ልዩ መንገድ ስለሚጻፍ በትራንስክሪፕቱ (በትምህርት ውጤት ማስረጃው) አንድ ዓይነት፣ በፓስፖርቱ ሌላ ዓይነት ሆኖ የሚገኝ ተማሪ አለ። በትምህርት ቤቱ መዝገብ ላይ መስተካከል ያለበት ካለ፣ የማመልከቻው ጊዜ ከመድረሱ በፊት የፓስፖርቱን ቅጂ ይዛችሁ ወደ ሬከርድ ክፍል ኑ።

የዱዎሊንጎ ውጤት አብዛኛውን ጊዜ በ48 ሰዓት ውስጥ ይደርሳል። ያም ሆኖ ፈተናውን እስከ ማመልከቻው መዝጊያ ዋዜማ አታቆዩት፤ ነጥቡ ቢያንስ ወይም ፈተናው በቴክኒክ ችግር ቢቋረጥ ደግሞ ለመውሰድ ጥቂት ሳምንታት ሊኖሩ ይገባል። ከመመዝገባችሁ በፊት ልጁ የፈተናው አዘጋጅ ድርጅት በነፃ ያቀረበውን የመለማመጃ ፈተና በእውነተኛው ፈተና ሁኔታ፣ በዚያው ክፍልና በዚያው ኮምፒውተር ይሥራ። ያገኘውን ግምታዊ ነጥብና የሚያመለክትበትን ዩኒቨርሲቲ የቅበላ ነጥብ ለእንግሊዝኛ መምህሩ ያስረክብ፤ በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት አይተን ምን ያህል ወር ልምምድ እንደሚያስፈልገው እንነግራችኋለን። ቤታቸው ኮምፒውተር ወይም ጸጥ ያለ ክፍል ለሌላቸው ተማሪዎች የኮምፒውተር ክፍላችን ከትምህርት ሰዓት በኋላ ለልምምድ ክፍት ነው፤ ለፈተናው ቀንም ብቻቸውን የሚቀመጡበት ክፍል ስለምናዘጋጅ አስቀድማችሁ አስመዝግቡ።

ከአክብሮት ጋር

የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር