የቱ ነው ትልቁ ብለሽኝ ነበር

ይድረስ ለውድ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እናትሽንም ጉልበቷን ተሽሏታል። ጎንደር ብርዱ ገብቷል። ጠዋት ጠዋት ከጋቢ መውጣት ጭንቅ ሆኗል።

ባለፈው እሁድ ስትደውዪ ድምፅሽ ልክ አልነበረም። ዶርም አብራሽ ያለችው ልጅ «አንድ አምላክ ካላችሁ ሦስቱ ከየት መጡ?» አለችኝ፣ መልስ አጥቼ አፈርኩ አልሽኝ። ላስረዳሽ ስጀምር ኔትወርኩ ተቆራረጠ። ከዚያ ወዲህ ነገሩ ከሆዴ አልወጣም። እንዲህ ያለ ነገር በስልክ አይሆንምና ይኸው ብዕር አነሳሁ።

ልጅቷ አልሰደበችሽም፣ ዓለሜ። ጠየቀችሽ። ሙስሊም ናት፤ የፈጣሪን አንድነት ከልጅነቷ ጀምሮ ስትሰማ ነው ያደገችው። እኛም ጸሎተ ሃይማኖት ስንጀምር «ነአምን በአሐዱ አምላክ» ነው የምንለው። በአንድ አምላክ እናምናለን። ከእሷ ጋር ስትነጋገሪ ከዚያ ጀምሪ።

ደግሞ አንቺስ ብትሆኚ? ስድስት ዓመት ቢሆንሽ ነው። ሐምሌ ሥላሴ ነበር፤ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ይዤሽ ሄድኩ። ዝናቡ እስኪያባራ ውስጥ ቆየን። አንገትሽን ቀና አድርገሽ ጣሪያውን የሞሉትን የመላእክት ፊቶች ስታዪ ቆየሽ። ከዚያ ዓይንሽ ፊት ለፊት ካለው ግድግዳ ላይ አረፈ። ከታች ጌታ ተሰቅሎ፣ ከላይ ሥላሴ፣ ሦስቱ ባለ ነጭ ፂም። ጣትሽን ቀስረሽ «አባዬ፣ የቱ ነው ትልቁ?» አልሽኝ። ሰው ነበረና ደነገጥኩ፤ «ዝም በይ» አልኩሽ። ያ «ዝም በይ» ዛሬም ይቆጨኛል። አንድ ሽማግሌ ቄስ ግን ሰምተውሽ ኖሮ ጎንበስ አሉና «ሠዓሊውም ይኸን እንዳትዪ ብሎ ነው ፂማቸውን እኩል ያረገው» አሉሽ።

ቄሱ በአንድ ዓረፍተ ነገር ኒቅያን ነገሩሽ። በ325 እ.ኤ.አ. 318ቱ አባቶች ኒቅያ ላይ የተሰበሰቡት በዚሁ በአንቺ ጥያቄ ነው። አርዮስ የሚባል የእስክንድርያ ቄስ ወልድ ፍጡር ነው፣ ያልነበረበት ጊዜ ነበር ብሎ አስተማረ። አባቶች ደግሞ የለም፣ ከአብ ጋር በመለኮቱ እኩል ነው አሉ። ዛሬም በቅዳሴ ላይ «ዘዕሩይ ምስለ አብ በመለኮቱ» የምንለው እሱን ነው። በሥዕሉ ላይ ሦስቱም አንድ መልክ፣ አንድ ፂም ኖሯቸው አንድ ልብስ የለበሱት ለዚህ ነው።

በስም፣ በአካል፣ በግብር ሦስት ናቸው። አብ ይወልዳል፣ ወልድ ይወለዳል፣ መንፈስ ቅዱስ ይሠርጻል፣ ከአብ ይወጣል ማለት ነው። በመለኮት፣ በባሕርይ፣ በህልውና ግን አንድ ናቸው። አብ ልብ፣ ወልድ ቃል፣ መንፈስ ቅዱስ እስትንፋስ ነው ይላሉ መምህራን። አንድ ሰው ልብ ስላለው፣ ቃል ስላለው፣ እስትንፋስ ስላለው ሦስት ሰው አይባልም። የፀሐዩንም ታውቂዋለሽ፤ ክበቡ፣ ብርሃኑ፣ ሙቀቱ። ሰንበት ትምህርት ቤት ሁሌ የምትሰሚው ነው። ምሳሌ ግን ምሳሌ ነው። ለመግቢያ ያህል ይረዳል እንጂ ፈጣሪን ለክቶ አይጨርሰውም። ልጅቷ «ይኸኛው አልተዋጠልኝም» ብትልሽ አትናደጂ።

እኔን የሚይዘኝ ሌላ ነው። እግዚአብሔር ፍቅር ነው ይላል ቅዱስ ዮሐንስ። እሺ፣ ሰማይና ምድር ሳይፈጠር፣ መላእክትም ሰውም ሳይኖር ማንን ይወድ ነበር? ይኸን ሳስብ ኖሬ ነው በዮሐንስ ወንጌል 17 የጌታን ጸሎት ያነበብኩት። አባቱን «ዓለም ሳይፈጠር ስለ ወደድኸኝ» ይለዋል። ማንበቤን አቆምኩ። ፍቅር እኛን ከፈጠረ በኋላ የጀመረው ነገር አይደለም ማለት ነው። እኛ ሳንኖርም አብ ወልድን ይወድ ነበር። የፈጠረን ብቸኝነት ከብዶት ሳይሆን ከዚያ ፍቅር ሊያካፍለን ፈልጎ ነው። ሥላሴን ለእኔ የሒሳብ ጥያቄ ከመሆን ያወጣልኝ ይኸ ነው።

ስለ ጌታም ጠይቃሽ ነበር መሰለኝ። አምላክ እንዴት ይሞታል ብላ። ለዚህ አያትሽን ነው የማስታውሰው። ደንቢያ ብረት ቀጥቃጭ እንደነበር ታውቂያለሽ። ልጅ ሆኜ ወናፉን የማናፋው እኔ ነበርኩ። ብረቱ ከከሰሉ ውስጥ ሲወጣ ቀይ ሆኖ፣ ጫፉ ነጣ ብሎ ነበር። እሳቱ የቱ ጋ ያልቃል፣ ብረቱ የቱ ጋ ይጀምራል? አይለይም። እሳቱ ግን ብረት አልሆነም፤ ብረቱም እሳት ሆኖ አልጠፋም። አያትሽ በጉጠት ይዞ መስፉ ላይ ያሳርፈውና በመዶሻ ይለዋል። ብረቱ ይጎብጣል። እሳቱ አይጎብጥም፤ ግን ከብረቱ አልተለየም። አባቶችም ይኸን የጋለ ብረት ለምሳሌ ይጠቀሙበታል። ጌታ በሥጋ ሞተ፣ በመለኮቱ ሕያው ነው፤ አንድ ክርስቶስ ነው። በቅዳሴ ካህኑ መለኮቱ ከትስብእቱ፣ ከሰውነቱ ማለት ነው፣ እንደ ዓይን ጥቅሻ እንኳ አልተለየም ሲል በሰማሁ ቁጥር ያ የጋለ ብረት ፊቴ ላይ ይመጣል።

በዚህ በጎንደር በነገሥታቱ ዘመን ሊቃውንቱ ስለ ጌታ በመንፈስ ቅዱስ መቀባት ቅባት፣ ተዋሕዶ፣ ጸጋ በሚባሉ ወገኖች ተከፍለው ብዙ ተከራክረዋል። ነገሩ ደም እስከ መፋሰስ ደርሶ ነበር። በመጨረሻ ጉባኤ ተቀምጦ የተወሰነው በ1870 ዓ.ም. ወሎ ቦሩ ሜዳ፣ በአፄ ዮሐንስ ፊት ነው። ክርክሩን አልንቀውም፤ ስለ ጌታ ማንነት ነው። ግን ስለ ጌታ እየተከራከሩ ሰው መግደል ልቤን ያደማዋል። እውቀቱና መከተሉ ሲለያዩ እንዲህ ይሆናል።

ይኸን የምልሽ በአያትሽ ያየሁት ነገር ስላለ ነው። እስከ ዛሬ አልነገርኩሽም።

በዚያ ዘመን ቀጥቃጭ ቡዳ ነው ይባል ነበር። ቀን ማረሻና ማጭድ ያሠሩታል፤ ማታ ልጆቻቸውን ከእሱ ይሸሽጋሉ። አንድ ጎረቤታችን ልጁ ታመመበት። አያትሽ ነው የበላው አለ። በሌሊት መጥቶ ወናፋችንን በቢላ ተለተለው። ለእኛ ወናፍ ማለት እንጀራ ማለት ነበር። አያትሽ ምንም አልተናገረም፤ የፍየል ቆዳ ጣፈበትና ሥራውን ቀጠለ። ግን ሲናፋ በጣፉ በኩል ስስ ብሎ ይተነፍሳል። ያን ድምፅ አልረሳውም።

ክረምቱ ሲገባ የሰውየው ማረሻ ተሰበረ። መሬቱ ረጥቧል፤ ቀን ካለፈ ዘር አለፈ። ሲመሽ መጥቶ ደጅ ቆመ። ቤት ግባ ሲባል አልገባም። እኔ አባቴ ያባርረዋል ብዬ ደስ ብሎኝ ስጠብቅ «ተነስ፣ አናፋ» አለኝ። በዚያው በተጣፈው ወናፍ አናፋሁ። ሰውየው ስስ የሚለውን ድምፅ እየሰማ አንገቱን ደፍቶ ቆመ። አያትሽ ማረሻውን ሠርቶ ሰጠው፤ ዋጋ አልተቀበለም። አልሳቀለትም፣ አልመረቀውምም። እጁ ሲንቀጠቀጥ አይቻለሁ።

ሰውየው ሲሄድ «ለምን?» ብዬ ጮህኩበት። እጁን እየታጠበ «ባባርረው ማታ አባታችን ሆይ ስል የበደሉንን ይቅር እንደምንል የሚለው ላይ ስደርስ ምን ልበል?» አለኝ።

አያትሽ ፊደል አልቆጠረም። ኒቅያን አያውቅም። ጌታ ግን «በኋላዬ ሊመጣ የሚወድ ቢኖር፥ ራሱን ይካድ መስቀሉንም ዕለት ዕለት ተሸክሞ ይከተለኝ» ያለውን ያን ማታ በዓይኔ ያሳየኝ እሱ ነው። ዕለት ዕለት የሚለውን ልብ በይልኝ። ጌታን እንኳ አገሩ ሲገባ «ይህ ጸራቢው አይደለምን?» ብለው ንቀውታል። የእጅ ሥራ አዋቂ የልጅ ልጅ መሆንሽን ማንም ፊት አታፍሪበት።

ስለዚህ ልጅቷ ደግማ ስትጠይቅሽ የምታውቂውን ንገሪያት፤ የማታውቂውን አላውቅም በያት፣ አባቶችን ጠይቂ። ጾሙ ስለገባ እሁድ እሁድ ከቅዳሴ እንዳትቀሪ። የእሷም ጾም ሲደርስ ማታ ማታ የምታፈጥርበትን ውሃ አንቺ አቅርቢላት። ለጥምቀት ስትመጪ ፈቃዷ ከሆነ ይዘሻት ነይ። ታቦታቱ ወደ ፋሲል መዋኛ ሲወርዱ ቆማ ትይ፤ ቤታችን ማደሪያ አላት።

ይኸን ደብዳቤ የያዘልሽ ሰው በሶ ይሰጥሻል። ሁለት ቋጠሮ ነው። ቀይ ክር የታሰረበት የእሷ ነው፤ እናትሽ ለይታ ነው የቋጠረችው።

አባትሽ
ጎንደር