ለብርድ የሚሆን ትኩስ ቸኮሌት፦ ደብዳቤ ለልጄ

ጅማ፣ ሐምሌ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን፤ ዝናቡ በርትቶ የአዌቱ ወንዝም ሞልቷል። ባለፈው በስልክ ስንነጋገር የደብረ ብርሃን ብርድ እንደጠናብሽ ነግረሽኝ፣ ማታ ማታ ቤትሽ በምታፈዪው ትኩስ ቸኮሌት ላይ ምን ቢጨመር እንደሚጣፍጥ ጠይቀሽኝ ነበር። ነገሩ ተጣድፎ የሚነገር ስላልሆነ በጽሑፍ ላደርስልሽ ወደድሁ።

በቆርቆሮ የሚሸጠውን የተዘጋጀ ዱቄት ተዪው፤ አብዛኛው ስኳር በመሆኑ ምንም ቅመም ብትጨምሪበት ጣፋጭነቱ ይሸፍነዋል። ስኳር ያልገባበትን የካካዎ ዱቄት ግዢ። ለአንድ ኩባያ፣ ማለትም ለሩብ ሊትር ወተት፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ካካዎ፣ አንድ ተኩል ማንኪያ ስኳርና በጣት ጫፍ የተቆነጠረች ጨው ይበቃል። ይህች ጨው ምሬቱን ታለዝበዋለች እንጂ ጨው ጨው አትልም። ካካዎ በወተት ውስጥ እንደ ስኳር የሚሟሟ ነገር አይደለም፤ ስለዚህ በአንድ ጊዜ ከወተቱ ላይ ከደፋሽው ይጓጉላል። በመጀመሪያ ከስኳሩና ከጨው ጋር ቀላቅለሽ፣ በትንሽ ትኩስ ወተት እስኪለሰልስ ድረስ አሽተሽ፣ ከዚያ በኋላ ቀሪውን ወተት ቀስ በቀስ እያፈሰስሽ ምቺው።

ከቅመሞቹ ሁሉ አስቀድሜ የምመርጥልሽ ኮረሪማን ነው። የእኛው የደቡብ ምዕራብ ጫካ ተወላጅ ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ የካካዎን ምሬት ሳይጋፋ ከሥሩ የሚገባ፣ አፍ ውስጥም ቀዝቀዝ ብሎ የሚቀር መዓዛ ስላለው ነው። የተፈጨውን አትግዢ፣ መዓዛው ቶሎ ይበናል። በክር ተሰክቶ ከሚሸጠው ከነልጣጩ ወስደሽ፣ አንዱን ከፍተሽ፣ ከፍሬው ሩብ ያህሉን በሙቀጫ ሸክሸክ አድርጊው። ሳይደቅ ጥቁር ቡናማው ፍሬ ተሰብሮ ነጩ ውስጡ ሲታይ በቂ ነው። ቀዝቃዛው ወተት ላይ ጨምረሽ በቀስታ እሳት አሙቂው፤ ወተቱ ሊገነፍል ጠርዙ ላይ አረፋ መያዝ ሲጀምር አውርደሽ፣ ከድነሽ አምስት ደቂቃ ያህል አቆዪውና አጥልዪው። የቅመሙ ዘይት ከውሃ ይልቅ በቅባት ውስጥ ስለሚሟሟ ቅባቱ ያልተገፈፈ ወተት መዓዛውን አሟጦ ያወጣዋል። ያደረ ወተት ግን አትጠቀሚ፣ እሳት ሲነካው ይቆራረጣል።

ሁለተኛው ዝንጅብል ነው፤ እርሱም ጥንቃቄ ይፈልጋል። እርጥብ ዝንጅብል ውስጥ የወተትን ፕሮቲን የሚሰብር ኢንዛይም ስላለ፣ ጥሬውን ለብ ካለ ወተት ጋር ብታገናኚው ወተቱን ያረጋዋል። ስለዚህ ቀጥቅጠሽ በመጀመሪያ በጥቂት ውሃ ብቻ በደንብ አፍዪው፣ የኢንዛይሙ ኃይል በሙቀት ይጠፋል፤ ወተቱን ከዚያ በኋላ ጨምሪ። ደብረ ብርሃን ከፍታው ከ2,800 ሜትር በላይ በመሆኑ ውሃ የሚፈላው 90 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ላይ ነው፤ ስለዚህ እኛ ቤት ከለመድሽው ጥቂት ደቂቃ ጨምሪበት። ዝንጅብሉን በስኳር ፈንታ በማር ብታጣፍጪው እመርጣለሁ፤ ማሩ ግን ከእሳት ከወረደ በኋላ ይግባ።

ቡናም አለ። ከሊሙ ቡና አቦሉን ወፈር አድርገሽ ቀድተሽ፣ ግማሽ ስኒውን ኩባያው ላይ ብትጨምሪ የካካዎው ጣዕም ጎልቶ ይወጣል። ይህ የጠዋት እንጂ የማታ አይደለም፣ እንቅልፍሽን እንዳይነሳሽ። ቀረፋ መልካም ነው፣ ብዙ የሚባልለት ግን አይደለም። ቅርንፉድ ከአንድ ፍሬ ካለፈ ሌላውን ሁሉ ይውጠዋል። ብርዱ በጣም ሲጠና ከጥምዝ፣ የቁንዶ በርበሬ ዘመድ ከሆነው ቅመም፣ ትንሽ ሰበር አድርገሽ ከኮረሪማው ጋር ብትጨምሪ ጉሮሮን ያሞቃል። ይህ ከባህሉ የወጣ እንዳይመስልሽ፤ ከአውሮፓውያን ቀድመው ካካዎን ይጠጡ የነበሩት የሜክሲኮና የመካከለኛው አሜሪካ ሕዝቦች፣ ማያዎችና አዝቴኮች፣ በሚያቃጥል በርበሬ ይቀምሙት ነበር፤ ስኳር የበዛበት ስፔናውያን ወደ አውሮፓ ከወሰዱት በኋላ ነው። ሁሉንም ቅመም በአንድ ኩባያ መክተት ግን አይገባም፤ አንድ፣ ቢበዛ ሁለት ይበቃል።

ነሐሴ 1 ፍልሰታ ስለሚገባ በወተት ፈንታ ኦቾሎኒ ተጠቀሚ። አንድ እፍኝ ያህል ሳይከስል ቆልተሽ፣ ገለፈቱን አራግፈሽ፣ በሩብ ሊትር ውሃ ፈጭተሽ በንጹሕ ጨርቅ አጥልዪው። የራሱ ቅባት ስላለው ኮረሪማውን እንደ ወተት ይቀበለዋል፤ ነገር ግን ከሥር ስለሚዘቅጥ እየጠጣሽም አማስዪው።

ኮረሪማውን፣ ጥምዙንና የጌራ ጫካ ማር ወደ አዲስ አበባ በሚሄድ ሰው እልክልሻለሁ። ኮረሪማውን አስቀድመሽ ለብቻው ሞክሪው፤ መጠኑ በዝቶብሽ ወይም አንሶብሽ እንደሆነ ጻፊልኝ።

የምትወድሽ እናትሽ