ስለ ልጃችን ጆሮ

ይድረስ ለምወድሽ ጓደኛዬ፤

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? ቤተሰቡስ እንዴት ነው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ከስድስት ኪሎ ተመርቀን አንቺ ወደ ደሴ ከተመለስሽ በኋላ እንጻጻፈው የነበረው ደብዳቤ ከተቋረጠ ብዙ ዓመታት አለፉ፤ በዓል በመጣ ቁጥር በስልክ እንኳን አደረሰሽ ከመባባል በቀር ቁም ነገር አልተጫወትንም። ዛሬ ብዕር ያነሣሁት በስልክ ተጀምሮ የማያልቅ፣ በጥድፊያ ቢነገርም ከማስደንገጥ አልፎ የማይጠቅም ጉዳይ ስለገጠመኝ ነው። ጉዳዩ የልጅሽ፣ ማለትም የልጃችን፣ የጆሮ ነገር ነው፤ ክፉ ነገር አልደረሰባትምና አትደንግጪ።

ባለፈው ሳምንት ከሥራ ወጥቼ ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ በእግሬ ስወርድ ከፊቴ ስትሄድ አየኋት። በስሟ ጠራኋት፤ ድምፄን ከፍ አድርጌ ደግሜ ጠራኋት፤ ሌሎች መንገደኞች ዞር ብለው ሲያዩኝ እርሷ ግን አልሰማችኝም። በሁለቱም ጆሮዎቿ ኢርፎን ሰክታለች። አንቺ ካየሽው ወዲህ ያ መንገድ ተለውጧል፤ የእግረኛው መሄጃ ሰፍቶ ከጎኑ የብስክሌት መንገድ ተሠርቷል። ልጃችን ከፊቷ የቆሙ ሰዎችን ለማለፍ ብላ ወደ ብስክሌቱ መንገድ ስትገባ ከኋላዋ ይመጣ የነበረው ወጣት ደወሉን ደጋግሞ ደወለ፤ ሰምታ እንደማትወጣለት ሲረዳ መሪውን ጠምዝዞ ቀሚሷን ታክኮ አለፈ። እርሷ ብስክሌት መኖሩን ያወቀችው ካለፋት በኋላ ነው። ራስ መኮንን ድልድይ አጠገብ ደርሼባት ትከሻዋን ስነካት በድንጋጤ ዘለለች። ስልክሽን አሳዪኝ ብያት ባየው የድምፁ መስመር ጫፍ ሊደርስ ጥቂት ነው የቀረው። «መንገዱ ስለሚጮህ ነው አክስቴ፤ ካልጨመርኩት አይሰማኝም» አለችኝ።

ይህን መልሷን ደጋግሜ አሰብኩበት። ጆሮዋን የሚጎዳውም ሆነ ለመኪና አደጋ የሚያጋልጣት አንድ ነገር ነው፤ እርሱም ከመንገዱ ጩኸት ጋር መፎካከሯ ነው። ሚኒባስ ሲያጓራ ትጨምራለች፤ ግንባታ ያለበት ቦታ ስትደርስ ደግሞ ትጨምራለች፤ ጆሮ ከፍ ያለውን ድምፅ ቶሎ ስለሚለምደው ጸጥ ያለ ቦታ ስትደርስ መልሳ መቀነሱ ትዝ አይላትም።

የዓለም ጤና ድርጅትና ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2019 ይፋ ባደረጉት መስፈርት መሠረት አዋቂ ሰው በ80 ዴሲቤል (ዴሲቤል የድምፅ መጠን መለኪያ ነው) በሳምንት እስከ 40 ሰዓት ቢያዳምጥ ጉዳት የለውም ተብሎ ይታሰባል። ሁለት ሰዎች ተቀምጠው ሲጨዋወቱ ድምፃቸው ወደ 60 ዴሲቤል ስለሚጠጋ 80 ብዙም የራቀ አይመስልም። ነገር ግን ዴሲቤል እንደ ኪሎ ወይም እንደ ሜትር አይቆጠርም፤ 3 ዴሲቤል በተጨመረ ቁጥር ወደ ጆሮ የሚገባው የድምፅ ኃይል እጥፍ ስለሚሆን የሚፈቀደው ጊዜ በግማሽ ይቀንሳል። በ90 ዴሲቤል ያ 40 ሰዓት ወደ 4 ሰዓት ይወርዳል፤ በ100 ዴሲቤል ደግሞ ለሳምንቱ በሙሉ የሚፈቀደው 20 ደቂቃ ያህል ብቻ ነው። ስልክ እስከ መጨረሻው ሲከፈት በኢርፎን የሚወጣው ድምፅ እዚያ ሊደርስ ይችላልና፣ ልጃችን ከቤት ወጥታ ግቢ እስክትገባ ባለው መንገድ ብቻ የሳምንት ድርሻዋን ልትጨርሰው ትችላለች።

ቁጥሩን ያነሣሁት የጆሮ ጉዳት የማይመለስ ስለሆነ ነው። በእያንዳንዱ ጆሯችን ውስጠኛ ክፍል ድምፅን ወደ ነርቭ መልእክት የሚለውጡ 15,000 ያህል ፀጉር መሰል ሕዋሳት አሉ፤ ስንወለድ ይዘናቸው ከመጣነው በቀር ሌላ አይጨመርልንም። የዶሮ ጆሮ የሞቱበትን ሕዋሳት በአዲስ ይተካል፤ የሰው ጆሮ ግን አይተካም። በጩኸት ሳቢያ ብዙ ጊዜ ቀድመው የሚጎዱት ቀጫጭን ድምፆችን የሚቀበሉት ናቸው። ስለዚህ የተጎዳው ሰው ድምፅ እየሰማ እንደ ሰ፣ ሸ እና ፈ ያሉት ይጠፉበትና፣ በተለይ ሠርግ ቤት ወይም ካፌ ውስጥ ሰው በተሰበሰበበት፣ የሚባለው አይለይለትም። ሌላው ሰው የሚያጉረመርም ይመስለዋል እንጂ የራሱን ጆሮ አይጠረጥርም፤ ለዚህም ነው ነገሩ ሳይታወቅ ዓመታት የሚቆየው። ፒያሳ ቡና ይዘን ስንቀመጥ ልጃችን አንዳንድ ቀን ማታ ስትተኛ ጆሮዋ እንደሚጮህባት ነገረችኝ። እንዲህ ያለው ጩኸት ዕረፍት ሲገኝ የሚጠፋበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ቢሆንም ጆሮ ከልኩ ያለፈ ድምፅ እንደገባበት የሚናገርበት መንገድ ነውና ቸል ልንለው አይገባም።

የመንገዱ ነገር ግን ከዚህም ይብስብኛል። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ከተማችን በኤሌክትሪክ መኪና ተሞልታለች። እኔና አንቺ መንገድ ስንሻገር ሳናይ እንኳ የሞተር ድምፅ ያስጠነቅቀን ነበር፤ የኤሌክትሪክ መኪና ቀስ ብሎ ሲመጣ ግን ጆሮው ክፍት ለሆነ ሰው እንኳ የሚሰማው የጎማው ሹክሹክታ ብቻ ነው። ልጃችን «አንዱን ጆሮ ነቅዬ እሄዳለሁ» ብላኝ ነበር፤ ይህም አይበቃም። ድምፅ ከየት እንደመጣ የምናውቀው አንዱ ጆሮ ከሌላው በሰከንድ አንድ ሺሕኛ በማይሞላ ልዩነት ቀድሞ ስለሚሰማው፣ አንዱም ከሌላው አጉልቶ ስለሚሰማው ነው፤ አንዱ ከተደፈነ ጥሩንባው ይሰማታል፣ ከግራ ይሁን ከቀኝ ግን አይለይላትም፤ ሰው ደግሞ በዚያች ቅጽበት ወደ መኪናው አቅጣጫ ሊዘል ይችላል። የውጭውን ድምፅ አሳልፈው የሚያሰሙ ኢርፎኖች መጥተዋል፤ ዘፈኑ ከላይ ተጨምሮበት መንገድ ለመሻገር ግን አላምናቸውም። ስልክ ነጣቂዎችም ጆሮው የተደፈነን ሰው ከሩቅ ያውቁታል። በእግር በሚኬድበት መንገድ ሁለቱንም አውልቆ ቦርሳ ውስጥ ማስገባት ነው፤ በዚህ ላይ ቅንጣት ጥርጣሬ የለኝም።

ታክሲ ውስጥ ግን ፍርዴ ሌላ ነው፤ አንቺም ተቆጥተሽ ኢርፎኑን እንዳትከለክያት የምለምንሽ ለዚህ ነው። ከተቀመጠች በኋላ የሚያስፈልጋት የሞተሩን ድምፅ ከጆሮዋ ማስቀረት ነው፤ እርሱ ከቀረ ዘፈኑን መጨመር አያሻትም። የእርሷ ኢርፎን ሲገዛ ትንሽ፣ መካከለኛና ትልቅ የጎማ ጫፎች ነበሩት፤ መካከለኛው ተሰክቶ ስለመጣ ሌሎቹን ከነካርቶናቸው መሳቢያ ውስጥ ትታቸዋለች። ቤት ወስጄ ትንሹን ሳስሞክራት ጆሮዋ ውስጥ ልክክ ብሎ ገባ፤ መካከለኛው ለካ ወደ ውጭ እየተገፋ ክፍተት ይተው ነበር። በማግስቱ ታክሲ ውስጥ ሆና ከግማሽ በታች አድርጋው ቃሉ ሁሉ እንደሚሰማት ደውላ ነገረችኝ። የሞተር ጉርምርምታ የሚያጠፉት ውድ ኢርፎኖችም ለዚህ ይጠቅማሉ፤ ለእርሷ ግን አሁን የሚያስፈልጋት አይመስለኝም። ስልኳም ከተወሰነ ልክ በላይ እንዳያልፍ ሴቲንግ ውስጥ ገብተን አብረን ገደብ አበጀንለት፤ ድምፁን ስትጨምር ይወጣ የነበረውን ማስጠንቀቂያ ሳታነብ ታልፈው እንደነበር ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። ረዳቱ ሒሳብ ሲጠይቅና ፌርማታዋ ሲደርስ እንድትሰማም ከመውረዷ ቀደም ብላ እንድታወልቀው ተስማምተናል።

አንድ የምትረጂኝ ነገር አለ። የጆሮዋ ጩኸት ሙሉ በሙሉ ስላልተዋት ቅዳሜ የአንገት በላይ ሐኪም ዘንድ ወስጄ የመስማት ምርመራ ላስደርግላት ነው። ሐኪሙ የልጅነት ታሪኳን መጠየቁ አይቀርም፤ እርሷ ደግሞ አታስታውሰውም። በሕፃንነቷ ጆሮዋ ይመግል ነበር? በጠና ታማ ተኝታ ታውቃለች? ጄንታማይሲን መርፌ ተወግታስ ታውቃለች? ይህ መድኃኒት በአንዳንድ ሰው ላይ የመስማት ችሎታን ስለሚጎዳ መልሱን ከዓርብ በፊት ጻፊልኝ፤ ደብዳቤው የሚዘገይ ከመሰለሽ በስልክ ንገሪኝ። የድሮ የሕክምና ካርዷ እቤት ካለም ፎቶ አንሥተሽ ላኪልኝ።

አክባሪሽ ጓደኛሽ
አራት ኪሎ፣ አዲስ አበባ