ስሜን እንዳትጠሪ ላለችኝ ነርስ፣ ለሐዋሳም ሰው

በማህፀን ዕጢ ታምሜ ያለፍኩበትን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ዝርዝሩ ውስጥ አልገባም። ይኸው ቆሜ እየሄድኩ ነው። ተመስገን።

መጀመሪያ ለእሷ። ስሟን እንዳልጠራ አስምላኛለች፤ እዚሁ ሐዋሳ የምትሠራ ነርስ ናት። «ማህፀንሽ ላይ ዕጢ አለ» የተባልኩ ቀን ኮሪደር ላይ ቁጭ ብዬ ሳለቅስ አገኘችኝ። ለእኔ ዕጢ ማለት ካንሰር፣ ካንሰር ማለት ሞት ነበር። «አይዞሽ» ብላ አላለፈችኝም። ከምሳ ፌስታሏ አቮካዶ አውጥታ ለሁለት ከፈለችው። ፍሬውን በአውራ ጣቷ ገፋ ስታደርገው ሙልጭ ብሎ ወጣ።

«ያንቺ በአልትራሳውንድ ማዮማ ነው የሚመስለው» አለችኝ። «የማህፀን ጡንቻ ሴሎች ያለ ልክ ተባዝተው የሠሩት ነው። እዛው ያድጋል፣ ይጫናል እንጂ ሌላ አካል አይወርም፤ እንደዚህ አቮካዶ ፍሬ ለብቻው ነው። ካንሰር ግን እንደ ሰርዶ ነው። ሥሩን ጎረቤት ድረስ ይሰዳል፤ ቁራጩ በደም ተጉዞ ሩቅ ቦታ ይበቅላል። ቁርጡ የሚታወቀው ግን ወጥቶ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ነው።»

ያኔ ሁሉም ነገር ገባኝ። ሌሊት አምስቴ ሽንት ቤት የሚያስሮጠኝ ስኳር ይመስለኝ ነበር፤ ለካ ዕጢው ፊኛዬን ተጭኖት ነው። የሚያዞረኝ ደግሞ በየወሩ የሚፈሰኝ ደም። 12 መሙላት የነበረበት ሄሞግሎቢኔ (ደም ማነስ የሚለካበት) 6 ላይ ወርዷል። (ገበያ ላይ «ማርያም በሽልም ታውጣሽ» ያላችሁኝ፣ አሜን ብዬ ያለፍኩት አፍሬ ነው። እርጉዝ አልነበርኩም።)

ቀዶ ሕክምና ያደረጋችሁልኝ ሐኪሞች፣ ደም የሰጣችሁኝ ልጆች፣ እድርተኞች፣ ገብርኤል ሄዳችሁ የተሳላችሁልኝ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ቆይ፣ ወደ እሷ ልመለስ። የቀዶ ሕክምናው ዕለት ተረኛ አልነበረችም። መጣች። ስነቃ ከንፈሬን በእርጥብ ጥጥ የምታረጥበው እሷ ነበረች። የናሙናው ውጤት የደረሰ ቀን ሦስቴ ደወለች፤ ፈርቼ አላነሳሁም። በአራተኛው ልጄ አንስቶ ጆሮዬ ላይ ለጠፈው።

«አቮካዶ ነው» አለችኝ። ሌላ ቃል አልጨመረችም። ሁለታችንም ስልኩ ላይ አለቀስን።

እህቴ፣ ምን ብዬ ላመስግንሽ? ቃል አጣሁ።

ስማችሁን ያልጠራሁ ብዙ ናችሁ፤ አትቀየሙኝ። ከአሞራ ገደል የዓሣ ሾርባ፣ ከየቤታችሁ አጥሚት ስታመላልሱ እኔ ግማሹን ተኝቼ ነው የተቀበልኳችሁ። ሁለት ፔርሙዝ እስካሁን እኔ ጋ አለ። አንዱ ቀይ ነው፣ አንዱ ክዳኑ የተሰነጠቀ። የማን እንደሆኑ አላወቅሁም፤ መጥታችሁ ውሰዱ፣ ቡናም አፈላለሁ።