የላክሁልሽ ልክ የድሮው ነው

ይድረስ ለውድ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እናትሽ፣ አያትሽ፣ ቤቱ ሁሉ እንዴት ነው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ስልሽ ዛሬ የእውነቴን ነው።

ባለፈው ሳምንት ለሰርግሽ የሚሰፋልኝን ሙሉ ልብስ ልክ ጠይቀሽኝ ላክሁልሽ። ወገብ 136፣ ደረት 134 ብዬ። ቶሎ ብለሽ ሰፊው ጋ ደውዪና ጨርቁን ሳይቆርጥ አስቁሚው። የላክሁልሽ ልክ የድሮው ነው። ባንድ በኩል ለምዶብኝ ነው፣ ባንድ በኩል ደግሞ እውነተኛውን ብጽፍ ጥያቄ ታመጫለሽ ብዬ ፈርቼ ነው።

ጥያቄውንማ አንዴ ጠይቀሽኛል። "አባዬ፣ ፊትህ ጠፋ እኮ፣ ታመህ ነው?" ስትዪኝ "መብራቱ ነው" አልኩሽ። ከዚያ ወዲህ ስንደዋወል ካሜራውን ወደ ግንባሬ ከፍ አድርጌ ነው የማወራሽ። ባለፈው ዓመት መስከረም ላይ "ዳላስ ጓደኛዬ ጋ ነኝ፣ ኔትወርክ የለም" ያልኩሽ ጊዜም ሆስፒታል ተኝቼ ነበር። ዳላስን የሚያህል ከተማ ኔትወርክ ያጣል ብለሽ አምነሽ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ አክብረሽኝ ነው ዝም ያልሽው። ውፍረት ለመቀነስ ጨጓራዬን ኦፕሬሽን ተደርጌያለሁ። እናትሽ ታውቃለች። እንዳትነግርሽ ያስማልኳት እኔ ነኝ፣ እሷን እንዳትቆጪያት።

ለምን ደበቅኩሽ? አፍሬ ነው። ሰውዬው አፉን መዝጋት ቢያቅተው ሆዱን አስቆረጠ እንዳልባል። እኔም ስለሌላ ሰው ብሰማ እንደዚያ ከሚሉት አንዱ ነበርኩ። በዚያ ላይ አገር ቤት ሰው ሲወፍር "ተመችቶሃል" ነው የሚባለው። ቦርጭ የደላው ሰው ምልክት ነው። የከሳ ሰው ሲመጣ ግን ከንፈር ይመጠጥለታል፣ በሹክሹክታ በሽታ ይመረጥለታል። አያትሽ በሩ ላይ ስታየኝ እሪ እንዳትል አሁኑኑ አዘጋጂያት።

ታክሲ መንዳት ተቀምጦ መዋል ነው፣ ተቀምጦ ማደር ነው። አሥራ አራት ዓመት እንደዚያ ኖርኩ። ሌሊት ስምንት ሰዓት ኤርፖርት ተሰልፌ ሳምቡሳ በላይ በላዩ፣ ሻይ በሦስት ስኳር። ሲርበኝም እበላለሁ፣ ሲደብረኝም እበላለሁ፤ ሁለቱን መለየት ትቼ ነበር። 141 ኪሎ ገባሁ። ስኳሩ ከኪኒን አልፎ መርፌ ሊጀመርልኝ ሆነ። ማታ ስተኛ ትንፋሼ እየተቋረጠ፣ አየር የሚነፋ ማሽን አፍንጫዬ ላይ አስሬ ማደር ጀመርኩ። የዛሬ አራት ዓመት ስመጣ አውሮፕላን ላይ ቀበቶው አልደርስ ብሎኝ አስተናጋጇ መቀጠያ አመጣችልኝ። ልጅቷ ሰው እንዳያይ በእጇ ሸፍና ነው የሰጠችኝ። ያ ነገር ከስኳሩ በላይ አሞኛል።

ኦፕሬሽኑ ራሱ ብዙ የሚወራለት አይደለም። በፊት ስድስት ወር ከምግብ ባለሙያ ጋር አመላለሱኝ። ጉበት እንዲቀንስና ለሐኪሙ ቦታ እንዲለቅ የመጨረሻውን ሁለት ሳምንት በፈሳሽ ብቻ ቆየሁ። ከዚያ በትንንሽ ቀዳዳዎች ገብተው ጨጓራዬን ከላይ በኩል ለዩት። አሁን ምግብ የሚገባባት ከረጢት ስትሠራ ግማሽ የቡና ሲኒ እንኳ አትሞላም ነበር። እሷን ከአንጀት ጋር አገናኟት። ትልቁ ጨጓራ አልወጣም፣ እዚያው አለ፤ ግን ምግብ አያልፍበትም። ሁለት ሌሊት አድሬ ወጣሁ።

ታሪኩ ያለው ከዚያ በኋላ ነው። መጀመሪያ ውሃ በፉት፣ ቀጥሎ ሾርባ፣ ቀጥሎ የተፈጨ ነገር። በአምስተኛው ሳምንት ዕንቁላል ተፈቀደልኝ። አንድ ዕንቁላል ለስለስ አድርጌ ጠበስኩ። ከሱቅ የገዛኋት የሕፃን ማንኪያ አለችኝ፣ በሷ ጀመርኩ። ሁለቴ ጎርሼ ሦስተኛውን ሳነሳ ሆዴ "በቃ" አለኝ። ድሮ ቁርሴ አራት ዕንቁላል በሁለት እንጀራ ነበር። ቀሪውን ዕንቁላል ሳህኑ ላይ እያየሁ አለቀስኩ። ደስ ብሎኝ ይሁን ከፍቶኝ እስከ ዛሬ አላውቀውም።

አሁን አሥራ አራት ወር ሆነኝ። ሁሉንም እበላለሁ ማለት ይቻላል፣ ግን የቡና ስኒ ማስቀመጫ በምታህል ሳህን። እንጀራ መዳፌን የምታህል ቁራሽ ትበቃኛለች። ከዚያ ካለፈ ሆዴ ውስጥ ያብጥና ያስጨንቀኛል። ከወጡ ነው የምጀምረው፣ ሥጋውን ወይ ምስሩን በማንኪያ። ወጥ በማንኪያ! አያትሽ ይህን ስታይ ምን እንደምትል ይታየኛል። ስበላ ውሃ አልጠጣም፣ ከበላሁ በኋላም ግማሽ ሰዓት እቆያለሁ። አኝካለሁ፣ አኝካለሁ፣ መንጋጋዬ እስኪደክመው። ሰዉ በልቶ እጁን ሲታጠብ እኔ ገና ሦስተኛ ጉርሻዬ ላይ ነኝ።

ስለ ጉርሻ ግን ለብቻው ልንገርሽ። ባለፈው ግንቦት እዚህ ቨርጂኒያ አንድ ክርስትና ተጠርቼ ነበር። እንደ እናቴ የማከብራቸው አንዲት ትልቅ ሴት ከሩቅ አይተውኝ "ምነው አንተ ልጅ፣ ምን ነካብኝ?" እያሉ መጡ። በጥብስ የተጠቀለለ ጉርሻ ይዘዋል፣ የሕፃን ጡጫ የሚያህል። "በሞቴ" አሉኝ። በሞቴ የተባለ ጉርሻ እንዴት ይመለሳል? ጎረስኩ። እሱን አኝኬ ሳልጨርስ "አንድ ያጣላል" ብለው ሁለተኛውን ደገሙኝ።

ደረቴ ላይ ድንጋይ የተጫነ መሰለኝ። ምራቄ እንደ አረፋ እየሆነ አፌን ይሞላል። ምግቡ አይወርድም፣ አይወጣም። አፌን በእጄ ይዤ ወደ ፓርኪንጉ ሮጥኩ። በሱፍ ልብሴ ሁለት መኪና መሃል አጎንብሼ ግማሽ ሰዓት ያህል ቆየሁ። ስመለስ ሴትዮዋ ፊታቸውን አዙረዋል። "ጉርሻዬን ተጸይፎ ወጥቶ ተፋው" ብለው ለጎረቤታቸው ሲናገሩ በጆሮዬ ሰማሁ። በማግስቱ ደውዬ ሁሉንም ነገርኳቸው። ዝም ብለው ሰሙኝና "ታዲያ አስቀድመህ አትናገርም ነበር? እገልህ ነበር እኮ!" ብለው ተቆጡኝ። ልክ ናቸው። ይህን ደብዳቤ ሳልመጣ የጻፍኩልሽም ለዚህ ነው።

እንግዲህ ሰርጉ ላይ። ዶሮው ሲቀርብ ፈረሰኛው የአባት ነው ብላችሁ እንዳታስቀምጡልኝ። ለሙሽራው ስጡት። የዶሮ ሥጋ ደረቅ ካለ ይይዘኛል፤ ለኔ ዕንቁላሉና መረቁ በቂዬ ነው። ጥሬ ሥጋ ለጊዜው ይቅርብኝ። አምቦ ውሃ፣ ቢራ፣ ለስላሳ፣ ጋዝ ያለበት ነገር ሁሉ ሆዴን ይነፋዋል፤ ቧንቧ ቀድታችሁ እንዳትሰጡኝ ብቻ፣ ተራ የታሸገ ውሃ ይበቃኛል። ጠጅ ደግሞ እንደ ድሮው አይደለም። መጠጥ አሁን ቶሎ ደሜ ውስጥ ይገባል። አንዴ ግማሽ ብርሌ ቀምሼ አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ምላሴ ተሳሰረ። ምርቃቴን በትክክል እንድትሰሚ ከፈለግሽ ብርሌውን ለፎቶ ብቻ አስይዙኝ። ኬኩም እንደዚያው ነው። ስድስተኛው ወር ላይ አንድ ባቅላቫ በላሁ። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ልቤ ድው ድው፣ ላቤ ጠብ ጠብ፣ ወለሉ ላይ ተጋደምኩ። ስኳር ያለው ነገር ሳይፈጭ ወደ አንጀት ዱብ ሲል እንደዚያ ነው የሚያደርገው።

አንድ ነገር ግን እንዳትረሺ። ወገቡን አመመው ብላችሁ ዲክሎፌናክ ወይ አይቡፕሮፌን እንዳትሰጡኝ። ከዚህ ኦፕሬሽን በኋላ እነዚህ መድኃኒቶች ጨጓራ ያቆስላሉ። ፓራሲታሞል ግን ይሆነኛል።

ጾሙስ ትዪ ይሆናል። አሁን የነቢያት ጾም ላይ ነን። በቀን ከ60 ግራም ያላነሰ ፕሮቲን ያስፈልግሃል ይሉኛል። አንድ ኩባያ የበሰለ ምስር 18 ግራም ገደማ አለው፤ እኔ ደግሞ ባንዴ የምችለው ግማሽ ኩባያ ነው። ስለዚህ ከአተር የተሠራ ዱቄት በውሃ በጥብጬ እጠጣለሁ። ጣዕሙን ተይው። ሰዓት መቆየቱን ንስሐ አባቴ አንስተውልኛል። ኪኒኖቹም ብዙ ናቸው፣ እስከ ዕለተ ሞቴ የማልተዋቸው። ቫይታሚን፣ ካልሲየም፣ ቢ12፣ አይረን። አይረኑ ከካልሲየም ጋር ባንዴ አይወሰድም፣ ከቡና ጋርም አይሆንም። ስለዚህ እናትሽ ቡና ስታፈላ ሰዓቴን ሳይ ብታዪኝ ለመሄድ ቸኩዬ አይደለም።

ያላማረም አለው። በአራተኛው ወር ጸጉሬ በእፍኝ ይወጣ ነበር። አሁን ተመልሷል፣ የነበረው ያህል ማለቴ ነው፤ መላጣውማ ቀድሞም ነበር። የሆዴና የክንዴ ቆዳ ተንጠልጥሏል። እንደ ትልቅ ሰው ጋቢ በትንሽ ልጅ ላይ። ይበርደኛል ደግሞ። ድሮ በጥር ላብ የሚያጠምቀኝ ሰው አሁን በሐምሌ ሹራብ እለብሳለሁ።

የሌሊቱን የአየር ማሽን ግን መልሻለሁ። የስኳሩን መርፌ ሳልጀምረው ቀረ፣ ኪኒኑም ከሁለት ዓይነት ወደ አንድ ወርዷል። ባለፈው ስቅለት ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ሰገድኩ። ልጄ፣ እኔ ስንት ዓመት ጥግ ላይ ወንበር ይዤ ሰው ሲሰግድ የማይ ሰው ነኝ። አንዴ ከወረድኩ የሚያነሳኝ ሰው እፈልግ ነበር። ያን ቀን ወረድኩ፣ ተነሳሁ። ወረድኩ፣ ተነሳሁ። ማታ ጉልበቴ ሲጠዘጥዘኝ ደስ እያለኝ ተኛሁ።

መጀመሪያ ዓመቱን ረሃብ የሚባል ነገር አላውቅም ነበር። ሰዓት ሞልቼ ነው የምበላው። ካለፈው ነሐሴ ወዲህ ግን ተመልሶ መጥቷል፤ ሁለት ኪሎም ጨምሬያለሁ። ሐኪሙ የሚጠበቅ ነው አለ። እኔ ግን ደነገጥኩ። ኦፕሬሽን የተደረገው ሆዴ ነው፤ ሌሊት ስምንት ሰዓት ኤርፖርት ተሰልፎ የሚደብረው ሰውዬ አልተነካም። አሁንም በዚያ ሰዓት እጄ ወደ ሳምቡሳው ሱቅ ይሄዳል። ያን ጊዜ ስልኬን አነሳለሁ። እዚያ ጠዋት አራት ሰዓት ነው። ቢሮ እንደሆንሽ እያወቅኩ ደውዬ "ቁርስ ምን በላሽ?" የምልሽ ለዚህ ነው። አንዳንዴ "አባዬ፣ ስብሰባ ላይ ነኝ" ብለሽ ትዘጊያለሽ። ችግር የለም፣ ያቺም ትበቃኛለች። አንድ ቀን ግን ፍርፍር በቅቤ መብላትሽን አንድ በአንድ ነገርሽኝ፣ ሰልፉ ተንቀሳቅሶ ተራዬ ሲደርስ ሱቁን ረስቼው ነበር።

በይ አያትሽን ቀስ ብለሽ አስረጃት። "አልታመመም፣ አስቦበት ነው የከሳው" በያት። ካላመነችሽ ስልኩን ስጫት፣ እኔ ካሜራውን ዝቅ አድርጌ እታያታለሁ። ጥር 3 ጠዋት እገባለሁ። ቦሌ ስትጠብቂኝ ወፍራም ሰው አትፈልጊ።

ትናንት ማታ ጓደኛዬ በሜትር ለክቶኛል። ወገብ 102። ደረት 108። ትከሻ 46። የሱሪው ርዝመት ያው የድሮው ነው። ሰፊው ወገቡ ላይ ሁለት ጣት ያህል ጨርቅ ወደ ውስጥ አጥፎ ይተውልኝ፣ ለምናልባቱ።

አባትሽ
ኅዳር 20፣ አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ